ነፋስ የመረጠው ዘር

አባቴ ኩርኖ ሲሻገር፣ ጀልባው የበሬ ቆዳ፣
ጥጃው አራት እግሩ ታስሮ፣ ተጋድሞ እንደ ዕዳ፣
በጎቹ ጎን ለጎን ታጭቀው፣ ገብሱ በለምድ ከረጢት፣
ከሆዳቸው በታች ድርቆሽ፣ የወዲያ ማዶ ሽታ ያለበት።
ድርቆሹ ውስጥ፣ ማንም ያልጠራት፣ ማንም ያልቆጠራት፣
አንዲት ያረገዘች የሜዳ አይጥ ተኝታለች ያለ ሥጋት።
ከብቱ ሲወርድ እሷም ወረደች፤
በየሣሩ ሥር መንገድ አወጣች፣ ከእኛ ቀድማ ባላገር ሆነች።

እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። ደሴቷ ያኔ ጫካ ነበራት፣
ኤሽላ እናቴ እንደምትለው፣ አጭር፣ ጠማማ፣ ነፋስ ያጎበጣት።
ቆረጥን፤ ለማገር፣ ለምድጃ፣ ለበረት አጥር፤
የተረፈውን ችግኝ በጎቹ ጨረሱት፣ ከቅጠል እስከ ሥር።
ክፉ አልነበርንም። በረደን።

አንድ ማለዳ አባቴ መጥረቢያውን ስሎ ወጣ፣
ሲመሽ ስለቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ባዶ እጁን መጣ።
ያን ሌሊት ነው ነፋስ ሙሉ ቁመቱን ያሳየን፤
ለካ ዛፉ ኖሯል ከፊት ቆሞ ዱላውን የሚቀበልልን።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ተማርን።
መደርደሪያው ድንጋይ፣ የአልጋው ጠርዝ ድንጋይ፣
ልጄ ሞይ የተወለደችው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፤
ግድግዳውን በጥራጊ ቀበርነው፣ በአመድ፣ በዛጎል፣ በአጥንት፤
የአምና ራታችን ነው ዘንድሮ የሚያሞቀን ሌሊት ሌሊት።

ገብሱንም ነፋስ አረመው፤
ረጅሙን አገዳ ጥሎ አፈር አስላሰው።
እኔ የማጭደው ከቆመው ነው፣ ከድንኩ፣
የምዘራውም ያንኑ፣ ዓመት በዓመት፣ በልኩ።
ታዲያ ገበሬው ማን ነው?
የባሕር ሣር በጀርባችን አዝለን እርሻው ላይ እንደፋለን፤
ቂጣው ጨው ጨው ይላል፣ ለምደነዋል፤ ጨው የሌለው ያቅረናል።
ላሞቹ አጠሩ። እኔም ሳይታወቀኝ፣
አየሩ ጸጥ ባለ ቀን እንኳ፣ አጎንብሼ ስሄድ ሞይ ሳቀችብኝ።

ትናንት ማዕበሉ አንድ ግንድ ተፋ።
ሞይ እየሮጠች መጣች፦ «የሞተ ዓሣ ነባሪ!»
ቅርፊቱን አስዳሰስኳት። ዛፍ ነው አልኳት።
«ዓይኑ የታለ?»
ኤሽላ ተመርታ ወረደች፤ ዓይኗ ከጠፋ ሁለት መኸር ሆነው፤
አፍንጫዋን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች፤
አልተነሣችም።
ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው ከኋላችን ቆመዋል፣
እኔ ልጀምር የሚል ጠፋ።
ባሕሩ ግን እየሞላ ነበር።