ያው መስኮት

ድንጋይ ይፈተላል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤
አባቴ ግን በኪሱ ይዞ መጣ፣ እንደ ጥጥ የላመ ግራጫ ድር።
ከምድጃው ፍም ላይ ጣል አድርጎት ቆየና
«እዩት፣ አይነድም» አለን፣ በኩራት ሳቀና።

ከፖ ወንዝ ዳር የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ማለዳ
ከተማው ሁሉ ይነሳል፤ አለበት የጉርስ ዕዳ።
አስቤስቶስ ከሲሚንቶ አቡክተው
ሞገድ የመሰለ ጣሪያ ጠፍጥፈው
ቱቦና ገንዳውን፣ የዶሮ ቤት ክዳኑን
«ዘላለም ይኖራል» ብለው ሸጡት ለዓለም፤ ለእኛ ሰጡን ብናኙን።

በነጻ ነበር ብናኙ። በጆንያ ተሸክሞ
አባቴ ከጣራው ሥር በተነው፣ ብርድ ሊከላ አልሞ።
የቄሱ ግቢ መንገድ በሱ ተደለደለ፣
የሽማግሌዎቹ የኳስ ሜዳም እንደ ዱቄት ለስልሶ ዋለ።
እኛ ልጆቹ በጣታችን ስማችንን ጻፍንበት፤
እኔም «ኦታቪያ» ብዬ፣ ነፋስ እስኪነፍስበት።

እናቴ ኤርሲልያ
የዚያን ፋብሪካ ደጅ እንኳ ረግጣ አታውቅም።
ግን ቅዳሜ ቅዳሜ
የአባቴን ቱታ ከመስኮቱ ሳታራግፍ ውሃ አትነክርም።
በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ብናኙ ሲንሳፈፍ
«ወርቅ ይመስላል» ትል ነበር፣ እጇ ሳያርፍ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል።
ይህኛው ድር አንበሳ አልፈለገም፤
ሳንባ ይበቃዋል።
ቸኮለም አልልም። ሠላሳ ዓመት አደባ፤
ተዳርን፣ ወለድን፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ጡሩምባውም ዝገት ተቀባ።
ከዚያ አንድ ማለዳ ደረጃው መሃል ቆመች፤
የሽንኩርት ዘንቢሏን አስቀምጣ «አየሩ አለቀ» አለች።

ሐኪሙ «ፋብሪካው ውስጥ ስንት ዓመት ሠራሽ?» ብሎ ጠየቃት።
«አንድም ቀን» አለችው። እስክሪብቶውን አኖረና ዝም ብሎ አያት።
አባቴ ቴሬዚዮ፣ ያን ቱታ ሃያ ስድስት ዓመት የለበሰው፣
ከሷ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤
ለራሱ ይቅር ያላለው ይህን ነው።

ባለፈው ኅዳር የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ሊያነሱ መጡ፣
ሦስት ሰዎች፣ ነጭ በነጭ፣ ከዓይናቸው በቀር ምንም ያልገለጡ።
በውሃ አርሰው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ቀስ ብለው አወረዱት፤
በላስቲክ ጠቀለሉት፤
ደግመው ጠቀለሉት።
«እማማ፣ ይራቁ፣ መስኮቱንም ይዝጉት» አለኝ አንዱ ልጅ እግር።

ዘጋሁት።

ያው መስኮት ነበር።