ተመላሽ ዋንጫ

ዓመቱን በሙሉ እኔ ቤት ነው ያደረ፣
እንደ አራስ ልጅ ሁሉ በፎጣ ታሰረ።
ቁልፍ ያለው ሣጥን ከሰፈሩ የእኔ ብቻ ስለሆነ
የፉርጎዎች ኩራት ከናፍታሌን ሽታ ጋር ተከደነ።

ግራ ጆሮው የለም። አምና ስንጨፍር
ከባጃጅ ጣሪያ ላይ ተንከባሎ ወርዶ ለገሃር በር፣
ዋንጫውን አነሣን፣ ጆሮውን አጣነው፤
አንዱ «ቦይ ገባ» አለ፣ አንዱ «ሊስትሮ ነው»።

ማልያ አጣቢ ነኝ። ኳስ አይቼ አላውቅም፤
ቅዳሜ ታይዋን ነኝ፣ ሜዳ አልሄድም።
ግን እሑድ ማለዳ ጆንያው ሲፈታ
ሳፋዬ ውስጥ አለ ያለቀው ጨዋታ፦
ደረቱ የቆሸሸ፣ ለኳስ የተዘረጋ፣
ቂጡ የቆሸሸ፣ ተንሸራቶ የወጋ፣
ላቡ የማይሸት ግን፣ ያልሮጠ፣ ያልተጋ።

አምና እነዚህን ልጆች ማንም አያውቃቸው፤
የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጆች ናቸው፤
የዛገ ሃዲድ ላይ የቆመ፣ ስሙ እንኳ «ፉርጎ»፣
ማን ቆጥሯቸው ነበር፣ ማንስ ነበር ፈልጎ?
ሳይታሰብ ወሰዱት።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነው፤ የያዘ ይፈለጋል፤
ሳቢያንም መጋላም ለእኛ ቀን ቢላ ይስላል።
ለሌላው ቡድን ቀን እግሩን የሚጎትት
ፉርጎ ሲሉት ነቅቶ ይመጣል እንደ እሳት።

ዚያድ በጥቅምት ለባንክ ቡድን ፈረመ፤
ዘጠኝ ቁጥር ማልያው ሳይላብ ከረመ።
የሙክታር ጉልበት በጥር ወር ተፈታ፤
ረምዚ በጾም አፉ፣ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሮጦ ሮጦ ሲረታ
ማልያው ላይ ጨው ቀረ፣ ነጭ፣ የአገር ካርታ፤
ሁለቴ አሽቼው ነው የለቀቀው ማታ።

ጋሽ ወርዶፋ አሰልጣኙ፣ የባቡር ፍሬን ያዥ የነበረ፣
ልምምድ ሲያበቃ ቁጢጥ ብሎ አንድ ቀን ተናገረ፦
«ዳገትማ አቃስቶም ባቡሩ ይወጣል፤
ፍሬን የሚፈተነው ቁልቁል ሲሄዱ ነው፣ እዚያ ይበጠሳል።»
ውሃ በአራት ቀን አንዴ ሲመጣልኝ፣
ያውም ኖራ ሞልቶት ሳሙና እምቢ ሲለኝ፣
የምን ቁልቁለት ነው? ብዬ ነበር። ገባኝ
ግንቦት ላይ።

ግንቦት ላይ ስድስት ማልያ ረጥቦ መጣ።
እንባና ላብ ይለያያል፤ እንባ እጅጌ ላይ ነው የሚወጣ።

የመጨረሻው ቀን፣ ከገንደ ቆሬ ጋራ፣
አንድ ጎል ቢገባ የእኛ ነበር ተራ።
ዜሮ ለዜሮ። ፍጹም ቅጣት ምት፣ በሰማንያ ስምንት።
ሲራጅ፣ በረኛው ራሱ፣ ከጎሉ ሮጦ መጥቶ መታ። ብረት።
ታይዋን ድረስ ሰማሁት፤
የሰው ጩኸት አልነበረም፣
የዚያ ሁሉ ሰው ዝምታ።

ተመላሽ ነው ዋንጫው፤ በፊርማ ነው ያለን፤
የእኛ መስሎን እንጂ መቼ ነው የሰጡን?
እሑድ ሌሊት በአመድና በሎሚ አሸሁት፤
ፊቴን አየሁበት፤ የሰፋ፣ የተጣመመ ፊት።

ከዚያ ወደ ሳፋው። በሲራጅ ቁምጣ ውስጥ
ወንድ እጅ የሰፋው የተጣመመ ኪስ አለ።
ኪሱን አውቀዋለሁ፤ ክታብ መስሎኝ ነበር፣
ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚልክልኝ፣ አልጠየቅሁትም።
ዛሬ አንድ ጠንካራ ነገር ጣቴን ወጋ።
ጆሮው ነበር።
ስንት ቅዳሜ ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ጭኑን ሲቧጭረው ከረመ?
ማውጣቱን ረሳው፣
ወይም መርሳት ፈለገ።

ሰኞ ሰውየው መጣ፣ ክራባት ያደረገ፣
ዋንጫውን ገለበጠ፣ ጆሮውን ፈለገ።
«ጎድሏል» አለኝ።
«አዎ» አልሁት።
«ይጻፋል።»
«ይጻፍ።»
በቦታዬ ፈረምሁ፤ ስሜን አሳጥሬ።

ኪሱን በጥቁር ክር ደግሜ ሰፋሁት፣ በድርብ፣
አፉን ጭምር፣ ከነያዘው።
ቁምጣውን ገመድ ላይ ሰቀልሁ።
በአንድ ጎኑ አዘነበለ።
በድሬ ፀሐይ ለመድረቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።