ከጢጣ ወዲያ

ሰኞ ገበያ ሳለን ግድግዳችን ጭቃ፣
ጦይባ ስታስነጥስ የኔ ልጅ ሲነቃ፣
ጨው ሲያልቅብኝ ምርጉን በቡጢ እመታለሁ፤
“ጨው ነው ወይስ ክብሪት?” ስትለኝ እሰማለሁ።
ሽንት ቤቱ ለስድስት፣ ቁልፉ በተራ ነው፤
ቧንቧው ግቢ መሐል፣ ወረፋው ጠብ ያለው።
ይመር፣ ባሌ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበረ፦
“ሰው በገዛ በሩ ካልገባ ምን ኖረ?”

በማኅበር ተደራጀን፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆጠብን፤
ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ጢጣ ዳር ደረሰን።
ከጢጣም ወዲያ እንጂ! አስፋልቱ ካለቀ፣
ድንጋዩ ጠጠር ሆኖ፣ ጠጠሩ ከደቀቀ።

መሬቱ ምስር ነበር፤ ዛሬም አልረሳውም፤
ዝናብ ሲነካው ይበቅላል ከበረንዳው ሥርም።
ያረሱት ጋሽ ሙሄ ዛሬ ዘበኛ ናቸው፤
ፊሽካ ካንገታቸው፣ ካፖርት ነው ትጥቃቸው።
“ይህ ሳሎንሽ” አሉኝ አንድ ቀን ቆም ብለው፣
“ውሃ የሚተኛበት ነው፤ ዘርቼም አላውቀው።”
ሲሚንቶው በሐምሌ ለምን እንደሚያልበው
ያን ቀን ገባኝ፤
መሐንዲሱን ግን ዛሬም አልገባው።

በኅዳር ጎንበስ ብለው ምስራቸውን ሲለቅሙ
ሻይ ይዤ ወጣሁ፤ ቀና አሉና ቆሙ፤
“ቤት ለእንግዳ!” አሉኝ፤ ተቀመጥኩ ሳልጠይቅ፣
እንግዳው ማን እንደሆነ ከሁለታችን ሳላውቅ።

ጥሩውን ልናገር፣ ሐሜት አይሁንብኝ፤
ጠዋት በር ስከፍት ጦሳ ነው የሚቀድመኝ፤
ማንም መሐል ሳይቆም፣ አይቼው፣ አይቶኝ።
ይመር አፕል ተከለ ሦስት እግር በገዛ እጁ፤
ሲያጠጣ ያወራል እንደ ትንሽ ልጁ።
የሽንት ቤቱ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቷል፤
ማንም አይለምነው፤ እዚያው እንዳለ ዝጓል።
ሌሊቱ ጨለማ ነው፣ የእውነት ጨለማ፤
የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፣ አርባ ዓመት ያልተሰማ።

ግን
ውሃው ሐሙስ ሐሙስ፣ መብራቱ እንደ ልቡ፤
ክሊኒኩ በፕላን፣ ትምህርት ቤቱ በሐሳቡ።
አንድ ድንብል ክር ለመግዛት ግማሽ ቀን ይሄዳል፤
ማታ ታክሲው ሲያቆም ጅቡ ይረከባል።

ጎረቤት? ብሎኬት። ከብሎኬቱ በላይ
ስባሪ ጠርሙስ ነው፣ ሲያብለጨልጭ ፀሐይ።
ሰውየውን አየሁት ሲያስገባ መኪና፤
ኮፍያውን ለየሁት፤ ለስሙ ነኝ ገና።
ድንኳን ተጥሎ አይቼ ጥቁር ለብሼ ወጣሁ፤
ሠርግ ኖሯል ለካ፤ እልል ብዬ መጣሁ።
ዕድራችን እዚያው ቀረ።
“ማታ ብሞትስ?” አልኩት፤ “ማን ሊደርስ ነው ለኔ?”
“ቀን ሙቺ” አለኝ ይመር፣ ቀና ሳይል ወደኔ፤
አፕሉን ነበር የሚያየው።

ለዒድ ጦይባ ጠርታኝ እሷው ዘንድ አደርኩኝ፤
ከምርጉ በዚህ ወገን ዛሬ ገና ተኛሁኝ።
እንቅልፍ ግን ወዴት አለ! የሰካራም ዜማ፣
የማላውቀው ሕፃን፣ ውሻ፣ ሞተር፣ ከተማ።
የመንገዱ አምፖል በስንጥቅ እየገባ
ጨለማዬን ሰረቀኝ፤ ታንኮራፋለች ጦይባ።
እጄ በልማዱ ግድግዳውን ሁለቴ መታው፤
ከድሮው ክፍሌ ውስጥ “ማነው?” አለ አንድ ሰው።

መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ አመሻሽ ፒያሳ ላይ ቆሜ፣
በፌስታል ክርና ጨው፣ በጉልበቴ ድካሜ፣
ወዲያም ወዲህም ሳልል፣ ልቤ ሳይቆርጥልኝ፤
ከአስፋልቱ ማለቂያ ይመር ሲጠብቀኝ፣
ባትሪውን ሲያበራ ሲያጠፋ ታየኝ፤
ድንጋይ እንዳይቆጥብ፣ ጅብ እንዳይዳፈረኝ።

ረዳቱ በመስኮት ግማሽ ጎኑን አውጥቶ
ይጣራል፣ ይጣራል፣ ድምፁ ተሰንጥቆ፣ ጠፍቶ፦
“ጢጣ! ጢጣ! ጢጣ! አንድ ሰው የቀረው!”

እኔን ነው መሰለኝ።
ገባሁ። በሩን ዘጋው።