ከግሡ ጫፍ ያለችው ፊደል

ዊኒፔግ፣ ጥር ነው፤ ብርዱ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፣
ትንፋሼ ጢሜ ላይ እንደ ጨው ረግታ ቀረች።
ሥራዬ ስታዲየም ውስጥ ነው፣ ገመድ መዘርጋት፣
ማይክ ማቆም፣ የሰው ድምፅ ማጉላት።
ዛሬ ግን እጄን ከበደው፤ የምተክለው ለዳሪል ሶሮካ ነው፣
በሆኪ በትሩ ከተማውን ላስጨፈረው፣
ልጄ ከአልጋው በላይ ፎቶውን ለሰቀለው።

ሁለት ሳምንት ሆነው ወሬው ከፈላ።
ሬጃይና ውስጥ ልጅ አለችው አሉ፤ ዐሥራ ሁለት ነው ዓመቷ፣
በረኛ ናት፤ የበረዶ ጫማዋን የምታስርላት እናቷ።
«አላውቃትም» ብሎ ነበር አምና፣ ከዚሁ ወንበር፤
ያን ድምፁንም ጥርት አድርጌ አጉልቼለት ነበር።

በሩ ሳይከፈት፣ ማይኩ ክፍት ነው፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣
ጠበቃው ሲያንሾካሹክ፦ «ስሟን እንዳትጠራ። ከወረቀቱ እንዳትወጣ።»
ከዚያ መብራቱ በራ፤ ሶሮካ ዋጠ ምራቁን፣
አነበበው ወረቀቱን፦
«ስሕተቶች ተፈጽመዋል። ቅር የተሰኘም ካለ፣
ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባል» አለ።

በእንግሊዝኛ የሰማሁትን በሆዴ ወደ አማርኛ ሳመጣው፣
ባለቤቱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር፣ እንደ ባዘነ በቅሎ ነው።
ተፈጽመዋል! በማን? ከጣራ ነው የወረዱት እንደ በረዶ?
ነፋስ ነው ያመጣቸው አንድ ሌሊት ነጉዶ?

በእኛ ቋንቋ የሠራው ሰው ከግሡ ጫፍ ይቀመጣል፤
«ሁ» ናት፣ አንዲት ፊደል፤ መያዣዋ ጎኗ ላይ፣ ኩባያ ትመስላለች፣
የጨበጣት ሰው፣ ብትመርም፣ እስከ አተላዋ ይጨልጣል።
ዋሸሁ።
ካድሁ።
ልጄን ሸሸሁ።
ይህን ብሎ ቢነሣ፣ ጥያቄ ባይቀበል፣ በቃኝ ባልሁ።

ዱሮ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆም ነበር፣
በበደለው ሰው ደጅ ነው እንጂ ገበያ መሃል አልነበር።
እኛ ደጁ አይደለንም። እንባውም የእኛ አይደለም፣
የጓዳውን ገመና ይዘርግፍ የምንልበት መብት የለም፤
በአደባባይ የተነገረን ውሸት በአደባባይ መመለስ፣
ከዚያ መኪና አስነሥቶ፣ የስድስት ሰዓት በረዶ፣ ሬጃይና ድረስ።

ጋዜጠኛው ወጣ። ገመድ ስጠቀልል፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣
ሶሮካ ብቻውን ቀርቷል፤ ማይኩ እንዳልተዘጋ አላወቀው።
(እነሆ እኔም «አልተዘጋ» አልሁ። አልዘጋሁትም።)
«ብሪን» አለ። ቀስ ብሎ። ሰማሁት ስሟን ሲጠራት።
«ፈራሁ» አለ፤ ሌላ አልጨመረላት።

ቀይዋ የመቅጃ መብራት እንደበራች ነበረች።
ያችን አንዲት ቃል ስንቱ ጣቢያ በስንት ዶላር በገዛት!
ሰረዝሁት።
ደግ ሠራሁ፣ ወይስ የልጅቷን አንድ ቃል ሰረቅሁ፣
እስካሁን አላወቅሁ።

ቤት ስገባ ያፌት ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙሮታል፣
ነጩ ጀርባው ብቻ ይታያል።
«ምን አለ?»
«ብዙ ተናገረ።»
«ይቅርታ ጠየቀ?» አለኝ፣ ካልሲዎቹን እያጣመረ።

ቅዳሜ የእሱ ጨዋታ ነበር። አልሄድሁም። «ሥራ በዛ፣ መንገድ ተዘጋ» ብዬው ነበር፤
ሥራም አልበዛም፣ በረዶውም ከማለዳ ተጠርጎ ነበር።
«የቅዳሜው...» አልሁና ጉሮሮዬ ደረቀ፤
የራሴን ምራቅ ሰማሁት፣ ያለ ማዳመጫ።
«ረሳሁ» አልሁት።

አንዱ ካልሲ ጓደኛ አልነበረውም። ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገው፣
አጣው።
«ስንት ለስንት ወጣችሁ?» አልሁት።
«አራት ለአንድ» አለኝ።
«ተሸነፍን።»