ቃለ ጉባኤ፦ ስለ ወደቀችው አኻያ

ከድልድዩ ወዲህ፣ በራድከርስቡርግ፣ ወንዟን ሙር ይሏታል፤
ከድልድዩ ወዲያ፣ በራድጎና በኩል፣ አንድ ድምፅ ይጨምሩላታል፦
ሙራ።
ውሃው ግን ያው ውሃ፣ ከተራራ በረዶ ቀልጦ የወረደ፣
አንድም ቀን ለአንዳቸው "አቤት" ብሎ ያልሄደ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በየካቲት ነፋስ፣
ከድልድዩ በላይ አንዲት አኻያ ተነቀለች ከነሥሯ፤
ተንሳፍፋ መሐል ወንዝ፣ "ድንበሩ እዚህ ነው" ከሚባልበት ስትደርስ
ተቀረቀረች። እግሯ ኦስትሪያ ቀረ፣ ስሎቬኒያ ገባ ፀጉሯ።

ደብዳቤ ተጻጻፉ።
የደን መሥሪያ ቤት፦ "ቆማ ሳለች የኛ ነበረች፤
ከወደቀች ወዲያ እንጨት እንጂ ዛፍ አይደለች።"
የውሃ ባለሥልጣን፦ "እንጨት በውሃ መዝገብ የለም።"
የመንገዶች ቢሮ፦ "ድልድይ እስካልነካች አይመለከተንም።"
የድንበር ፖሊስ፦ "ሰው ካልተሻገረባት፣ ዝም።"
ግብርና ለቅጂው አመስግኖ ፋይሉን ዘጋ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በሁለት ቋንቋ እጽፋለሁ
የተባለውን ሁሉ፤ ያልተባለውንም እሰማለሁ።
አሥራ አራት ስብሰባ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፤
ስድስት መሥሪያ ቤት፣ ስድስት ማኅተም፣ በየወንበሩ ቁጭ።

እኛ ስንነጋገር አኻያዋ ሥራ አልፈታችም።
ከወገቧ ሥር ደለል ያዘች፣ ደለሉ ጠጠር፣ ጠጠሩ ደሴት ሆነ፤
ስሟን የማላውቃት ትንሽ ወፍ አራት እንቁላል ጣለችበት፣
ጠጠር የመሰለ። ፈቃድ የሰጣትም የለ፣ የከለከላትም የለ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ዘነበ።
አኻያዋ ግራ ያጋባችው ጎርፍ ወደ ግራ ታጠፈና
የኤንግልበርት ትሩመርን የዱባ ማሳ ወረሰ።
ብርቱካናማ ራሶች ከድልድዩ ሥር ሲያልፉ ያለ ፓስፖርት
የሁለት አገር ፖሊስ ቆሞ አየ፤ ልጆች ቆጠሩ፦ መቶ ሰባት።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ስቀናል።
በሁለቱ ከተሞች ግን ምድር ቤቶች ደርቀው አደሩ።

ኤንግልበርት ብቻ አልሳቀም።

በመስከረም፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ጫማችን ጭቃ እንደያዘ፣
ሮስቪታ ከወዲህ፣ ድራጎ ከወዲያ ካርታቸውን ይዘው መጡ።
የእሷ ካርታ ወንዙ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።
የእሱም እንዲሁ፣ በሌላው ጎን።
ነጩን ቆርጠው ቢገጥሙት በአርባ ሜትር ተላለፈ፤
አንድ ወንዝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ቦታ ሲፈስ ኖሯል።
ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የቁስል ፕላስተር አውጥተው አጣበቁት፤
ሙራን እንደ ሞራ ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው እንደ ገላጭ፣
ደም ሥሯን በጣት ተከተሉ፦
የተደፈነ ቦይ፣ የደረቀ ኩሬ፣ ዱባ የተተከለበት የድሮ ደን።
ያን ቀን ዱባና ቅል፣ ለየቅል መብቀል የለመዱት፣
በአንድ አጥር ላይ ሲጠማዘዙ አየሁ።

የአፈሩ ክትር ሦስት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ይሂድ።
የዳሩ ድንጋይ ይነሣ።
በጀቱ የጋራ። (እዚህ ላይ ረጅም ዝምታ ነበር፤ አልጻፍኩትም።)

ኤንግልበርት ተነሣ። ባርኔጣውን አላወለቀም።
"ማሳው የአባቴ ነው፤ አባቴም ከረግረግ የነጠቀው።
ለውሃ ይመለስ ካላችሁ፣ ዋጋውን ክፈሉና ውሰዱት፤
ብቻ 'ለተፈጥሮ' እያላችሁ አታባብሉኝ፤
ምድር ቤታችሁ እንዳይረጥብ ነው። እንዲያ ብላችሁ ጻፉት።"

እንዲያ ብዬ ጻፍኩት።

ይበቃ እንደሆን አላውቅም። የሚመጣው ነሐሴ
ቃለ ጉባኤ አያነብም።
ትናንት በጀልባ ሄጄ አየኋት፤
የተጋደመው ግንድ በሁለቱም አገር በኩል አቆጥቁጧል።

ተራ ቁጥር ሰባት፦ የአኻያዋ ባለቤትነት።
ውሳኔ፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።