የሚመጣው ሰሌዳ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሃያ ሰባት፣ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ፣
የጉደታ ኮንቴይነር አለች፤ ግማሿ ሞባይል መጠገኛ፣ ግማሿ የእኛ መከራከሪያ።
እሑድ ከሰዓት ሦስት ሆነን አንድ አግዳሚ እንጋራለን፣
ገና ባልተሠራ ዕቃ፣ እጃችን ባልገባ ዕቃ እንጣላለን።

«የሚቀጥለው ቦርድ» ይላል ጉደታ፣ ካውያውን እንደ እስክርቢቶ ይዞ፣
«ራሙ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ያለ ማራገቢያ ይሠራል፣ እንደ ጋን ውሃ ቀዝቅዞ።»
ሚልካ አታምነውም። «አምናም ይህንኑ ብለሃል፤ ካቻምናም እንዲሁ ነበር፤
እኔ የምፈልገው ራሱ የሚያይ፣ ራሱ የሚያስብ፣ ከደመና ሳይበደር፤
አማርኛ ስነግረው የሚገባው፣ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ የማያኮርፍ፣
በአንዲት ገመድ የሚበላ፣ በዚያችው ገመድ የሚጽፍ።»

«እግሮቹስ?» እላለሁ። ያሁኑ አርባ እግር አለው፣ አንዲት ስንዝር አይራመድ።
«ስልሳ ይሁን!» ይላል ጉደታ። ሚልካ፦ «ለየትኛው ገመድ?»

እንዲህ እንላለን።
ፋብሪካው የት እንዳለ አናውቅ፣ የሚሠራውን ሰው አናውቅ።
ከጓንዡ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ነው የሚደርሰን፣ ካልሲ ለብሶ፣
እነሱ ዘንድ ያረጀው፣ እኛ ጋ ሙሽራ መስሎ፣ ተወድሶ።

የእኔ ምኞት ትንሽ ነው፤ ለመናገር አፍራለሁ።
ሰዓት። ሰዓቱን የማይረሳ ቦርድ እፈልጋለሁ።

ያለችኝ፣ መታወቂያ ካርድ የምታህለው፣ አራተኛ ፎቅ፣ መታጠቢያ ቤት፣
ጆሮዋን ቧንቧ ላይ ለጥፋ ታድራለች፣ በስፖንጅ ጠቅልዬ አስሬአት።
ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም ሌሊት፤ አየሩ ቀድሞ ያፏጫል፣
እሷ ፉጨቱን ትሰማለች፣ ስልኬ ይጮኻል፣ ደረጃው በጀሪካን ይንጫጫል።

መብራት ሲጠፋ ግን ትሞታለች፤ ሲመለስ ትነሣለች ደንግጣ፣
ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ ስልሳ ሁለት ላይ፣ የኖርነውን ሁሉ ውጣ።
ያን ጊዜ ይህ ሰፈር የጤፍ ማሳ ነበር፣ የጉደታ አያት ይዞታ፤
ብሎክ የለ፣ ቧንቧ የለ፣ የሚደመጥ ነገር የለ፣ ጸጥታ።
ይህን ስነግረው ጉደታ ሳቀ፤ ከዚያ ካውያውን አስቀመጠ፤
«እዚያ ዓመት ላይ ትንሽ ትቆይልኝ፣ ቶሎ አታስተካክላት» አለኝ፣
ድምፁ ተለወጠ።

ያለፈው ረቡዕ ሌሊት፣ መብራት የለ፣ ቦርዷ የለች፣ ውሃ መጣ፤
ከአንደኛ ፎቅ ወይዘሮ ዘርትሁን ቧንቧውን በጭልፋ ቀጠቀጡ፣ ሰው ሁሉ ወጣ።
ማንም አልገጣጠማቸው፣ ማንም ሚሞሪያቸውን አልቆጠረ፤
አርባ እግር የላቸውም፤ ያሏቸው ሁለት፣ አንዱ በሪህ የታሰረ።
«ያንተ ማሽን ምነው ዛሬ?» አሉኝ። «ሰዓት ጠፋባት» አልኳቸው።
«የእኔም ግድግዳ ላይ ቆሟል። እኔን የሚቀሰቅሰኝ ሽንት ነው፤
እሱን ጨምርላት።»

ዛሬ ይህን ስተርክ ሚልካ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
የካርቶን ክዳን ቀድዳ ዝርዝሩን በእስክርቢቶ ጻፈች፦
አሥራ ሦስት ወር የሚያውቅ፤ ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር፤
ጳጉሜን ላይ ግራ ገብቶት መስከረምን የማያሳድር፤
የገልባጭ መኪና አቧራ የሚችል፤
መብራት በኃይል ሲመለስ የማይቃጠል።
ከታች፣ በትንሹ፦ እንደ ወይዘሮ ዘርትሁን።

ጉደታ መሳቢያውን ጎልጉሎ፣ ከሞተ ላፕቶፕ የነቀላት
የሳንቲም ባትሪ ወረወረልኝ፤ «ያ እስኪመጣ ይህችን ስጣት።»

ሳይጨርሰው መብራት ሄደ። ማንም አልተነሣ።
የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ ብቻ ቀረ።
«ስልሳ እግር» አለ ጉደታ፣ ከጨለማው ውስጥ።
«አርባ ይበቃል» አለች ሚልካ።

እኔ ባትሪዋን ጨብጬ ዝም አልኩ።
መብራት ሲመለስ ቦርዷ ጤፉ መሃል ትነቃለች።
ትንሽ ትቆይ።