የዘይቱ በረከት

ዓባይ በረሃውን በአንደኛ ማርሽ ወጥተን፣
ደጀን ስንደርስ ነው መርፌዋ የከዳችን።
ዳገቱን ስንገፋ ደኅና ቆማ ነበር፤
ከኬላው ገመድ ሥር በሚኒሞ ስንቀር፣
ወረደች፣ ወረደች፣ ዜሮ አፍ ደረሰች፤
ቀይዋ መብራትም ዓይኗን ገልጣ መለሰች።

ሹፌሩ ጋሽ ስሜነህ ራሱን ነቅንቆ፣
«ሴንሰሩ ነው» አለኝ፣ ከጥርሱ ሥር ስቆ።
ሴንሰር ስንገዛ ሦስተኛው ነው ከመስከረም ወዲህ፤
ማርቆስ ላይ አንዱን፣ ቡሬ ላይ አንዱን፣ አንዱን ደግሞ እዚህ።
ያችው ናት መርፌዋ። ያችው ናት መብራቷ።
ለሞጣ የጫንነው ማዳበሪያ ከበደ በፀሐይ ሙቀቷ።

መኪና ሲታመም ሐኪሙ ብዙ ነው፦
«ወፍራም ዘይት ጨምሩ» ይላል ጎማ ሠሪው፤
«ፖምፓው ነው» ይላል ከሰል የጫነው፤
«ብሮንዚን አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ይላል ማንም ያልጠየቀው፤
አንዱማ «የመብራቷን ሽቦ ቁረጣት» አለው፣
«ካላየህ አትፈራም።» እውነቱን ነው።
ጋሽ ስሜነህ እጁን ዘረጋ፣ ፒንሳ አምጣ አለኝ።
ፒንሳው ኪሴ ነበር። ጠፍቷል አልኩ። ለምን እንደሆን እንጃልኝ።

ከማደያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣
የይበልጣል ጋራዥ፣ መዝጊያ የሌለው በር።
ዲማ ቅኔ ቤት ነው ይላሉ ወጣትነቱ፤
ዘረፋውን ትቶ ገባ ከቅባቱ።

አልቸኮለም እሱ። ካቢናዋን አጋደመ፤
ሴንሰሯን ነቅሎ አሰረ የእጅ ጌጁን፣ ቱቦው የከረመ።
ሞተሩ ተነሣ። ገና ሳይሞቅ አራት፤
ዝም ብለን ቆምን፣ ሙቀት እስኪገባት፤
ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ ከዚያም ግማሽ ቀራት።

«አየህ ስሜነህ፣ መርፌህ አልዋሸችም ኖሯል፤
ሦስት ምስክር ጥለህ እውነት አባረሃል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
እንዳይጮህብኝ ፈራሁ፤ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ዘይቱን የሚለካው ማነው በየጠዋቱ?»
«እኔ ነኝ» አልኩት፣ የመኪናው ረዳቱ።
«ስንት ነበር?» «ሙሉ።» «ከሙሉስ በላይ?»
ዝም አልኩ፤ ከእግሬ ሥር አቧራውን ሳይ።

ነበር። ሁለት ሳምንት ከልኩ አልፎ ነበር፤
ጠብታ ሳንጨምር፣ አንድ ጣት ሲጨምር።
ሌላው ዘይት ሲበላ የእኛው ሲያድር ሲበዛ፣
ይህ መኪና ተባርኳል አልኩ፣ በልቤ እንደዋዛ።
«ሞልቷል» አልኩት እንጂ «በዝቷል» አላልኩትም፤
«በዛብኝ» ብሎ ከዳኛ ፊት የቆመ ሰው አላየሁም።

ይበልጣል መለኪያውን መዘዘ፣ አሸተተው ቀስ ብሎ፤
ከደብተር ቅዳጅ ላይ አንዲት ጠብታ ጣለ፣ ከጫፉ አንጠልጥሎ።
ጠበቅን።
ጥቁሩ ከመሐል እንደ ዓይን ብሌን ቀረ፤
ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት እየሰፋ ዞረ።

«ሰሙ ዘይት በዛ፤ ወርቁ ናፍጣ ገባ፤
አንዱ እንጀክተርህ ነው፣ ሲያድር የሚያነባ።
የቀጠነ ዘይት ብረት ከብረት አይገላግልም፤
ጋኑ ስለሞላ ጠላው ደኅና ነው አይባልም።»

ኮፓውን አወረደ፤ ብሮንዚኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
እንደ ሕፃን ድድ። «ገና ነው» አለና ተነፈሰ።
እንጀክተሩ ማርቆስ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ቀን አደርን፤
ጋሽ ስሜነህ አልተቆጣኝም፤ ብቻ ራት ስንበላ አልተነጋገርን።

ዛሬ መሪ ይዣለሁ። ያች ወረቀት ደርቃ፣
ከፀሐይ መከለያው ሥር አለች ተሸጉጣ፤ ቀለበቷ ደብዝዟል፣ ብሌኗ ግን ጥቁር ነው።
ረዳቴ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት «ሞልቷል» ይለኛል።
«እሺ» እለዋለሁ።
ከዚያ እወርድና፣ እኔው ራሴ አየዋለሁ።